የአልጌ ሪአክተር በቤት ውስጥ፦ ከአክሪሊክ ቱቦና ከኤልኢዲ ጥቅል ለጨዋማ ውሃ ገንዳ

የጨዋማ ውሃ ገንዳ ያለው ሰው አንድ ቀን ከናይትሬትና ከፎስፌት ጋር መጋጠሙ አይቀርም። ዓሳው ይበላል፣ ያስወጣል። የተረፈው ምግብ ይበሰብሳል። ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ከዚያ በኋላ ናይትሬቱ የሚወስደው አጥቶ ይጠራቀማል። ፎስፌቱም አብሮት ይጨምራል። ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ፀጉር ይወጣል፣ መስታወቱ ባጸዳችሁት ማግስት ይሸፈናል፣ ኮራሉም ይጠቁራል።

አልጌው መብቀሉ ካልቀረ እኛ በመረጥንለት ቦታ ይብቀል። የሪአክተሩ ነገር ይኸው ነው። ብዙ ብርሃንና የሚንቀሳቀስ ውሃ ያለው ዝግ ቱቦ እንሠራለን። እዚያ ውስጥ የገባው አልጌ ድንጋዩ ላይ ያለውን ቀድሞ ምግቡን ይወስድበታል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካው የስሚዝሶኒያን የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ዋልተር ኤዲ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የኮራል ገንዳዎቹን ውሃ የሚያጸዳው በወንፊት ላይ ባበቀለው አልጌ ነበር። አልጌው ሲያድግ ይፋቅና ይወጣል።

ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። አልጌ ናይትሬትን አያጠፋም። ሰውነቱ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከገንዳው የሚወጣው እናንተ አልጌውን በእጃችሁ ስታወጡት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ስለ መብራቱ ዋት ሲከራከር ይውላል፤ ክዳኑ ግን ለመክፈት ግማሽ ቀን የሚፈጅ ይሆንበትና ሳያጭድ ወር ያልፈዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ንድፍ ከሁሉ በፊት የሚያስበው በቀላሉ ስለመከፈት ነው።

የትኛው አልጌ?

ኬቶሞርፋ። በአጭሩ ኬቶ ይሉታል። እንደ ዕቃ ማጠቢያ ሽቦ የተወሳሰበ ጠንካራ አረንጓዴ ክር ነው። ሥር የለውም፣ ድንጋይ አይዝም። በመቀስ ብትቆርጡት ግድ የለውም፤ ሁለቱም ቁራጭ ያድጋል።

ካውለርፓ የሚባለው አልጌም ፈጣን ነው፤ እኔ ግን አልመክረውም። አንዳንዴ ለመራባት ሲዘጋጅ በአንድ ሌሊት ነጭ ሆኖ ይፈርሳል፣ የያዘውንም ሁሉ መልሶ ውሃው ውስጥ ይለቀዋል። ሌላው የሕግ ጉዳይ ነው። ካውለርፓ ታክሲፎሊያ የተባለው ዝርያ በ1984 ሞናኮ ከሚገኘው የውቅያኖስ ሙዚየም በታች ባለው ባሕር ላይ ታየ፤ ከዚያ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ተዛመተ። በ2000 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ አጉዋ ሄዲዮንዳ በተባለ የባሕር ዳር ሐይቅ ተገኘ። ሙሉ በሙሉ ጠፋ ተብሎ የታወጀው በ2006 ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ የምትኖሩ ካውለርፓ መያዝና መሸጥ በሕግ እንደሚያስጠይቅ እወቁ። ኬቶንም ቢሆን የትም አገር ብትሆኑ ወደ ባሕርም ሆነ ወደ ወንዝ አትጣሉት። ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይግባ።

መጠኑን መወሰን

የቱቦው ስፋት ላይ አትስገብገቡ። ብርሃኑ የሚመጣው ከውጭ ስለሆነ ቱቦው በሰፋ ቁጥር መሐሉ ይጨልማል። ኬቶ ጥቅጥቅ ሲል የላይኛው ሽፋን ብርሃኑን ሁሉ ይውጠዋል፣ ውስጥ ያለው ይበሰብሳል። የውጭ ስፋቱ 15 ሴንቲሜትር የሆነ ቱቦ ጥሩ ወሰን ነው። ተጨማሪ አቅም ከፈለጋችሁ ቁመቱን ጨምሩ ወይም ሁለተኛ ቱቦ ሥሩ።

እኔ የምገልጸው ስፋቱ 15 ሳ.ሜ፣ ቁመቱ 45 ሳ.ሜ፣ የግድግዳው ውፍረት 5 ሚ.ሜ የሆነ ግልጽ የአክሪሊክ ቱቦ ነው። ወደ 7 ሊትር ይይዛል። ከ200 እስከ 400 ሊትር ላለውና ዓሳ ላልተጨናነቀበት ገንዳ ይበቃል።

አቋራጭም አለ። ግልጽ የሆነውን የቤት ውሃ ማጣሪያ ቤት ገዝቶ ውስጡን ባዶ አድርጎ መጠቀም ይቻላል። ለትንሽ ገንዳ ያገለግላል። ግን የቧንቧ መግቢያውን ጥርስ በደንብ እዩት። ብዙዎቹ የነሐስ ጥርስ አላቸው። ነሐስ ውስጥ መዳብ አለ፤ መዳብ በጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣንና ኮራልን ይገድላል። ጥርሱ ፕላስቲክ ካልሆነ ተዉት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከላይ የተባለው የአክሪሊክ ቱቦ
- 10 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው አክሪሊክ፦ ለታች 21 በ21 ሳ.ሜ ካሬ፣ ለላይ 21 ሳ.ሜ ስፋት ያለው ክብ ክዳን፣ እና ያንኑ ያህል ስፋት ኖሮት መሐሉ በ15 ሳ.ሜ የተቀደደ ቀለበት
- 3 ሚ.ሜ የሲሊኮን ጎማ ለጎሚኒ
- 6 ሚ.ሜ የናይለን ቡሎን ስምንት፣ ዳዶዎቹ በጣት የሚጠበቁ
- የአክሪሊክ ማጣበቂያ
- 20 ሚ.ሜ የፒቪሲ ቱቦ ለመግቢያ፣ 25 ሚ.ሜ ለመውጫ፣ ከነመያዣቸው
- በሰዓት ከ600 እስከ 1000 ሊትር የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ
- 5 ሜትር የኤልኢዲ ጥቅል፣ 12 ቮልት፣ በሲሊኮን የተሸፈነ
- 12 ቮልት፣ 8.5 አምፔር ፓወር ሰፕላይ፣ ታይመር
- 0.5 ሚ.ሜ የአልሙኒየም ላሜራ፣ 54 በ42 ሳ.ሜ

አክሪሊኩን ራሳችሁ ለመቁረጥ አትታገሉ። ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠሩ ቤቶች በሌዘር አስተካክለው ይቆርጡላችኋል። አዲስ አበባም ሆነ ዱባይ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ብትሆኑ እንዲህ ያለ ሱቅ አይጠፋም። ሥዕሉን በልኩ አድርጋችሁ ስጧቸው። የስምንቱን ቡሎኖች ቀዳዳ ቀለበቱና ክዳኑ ላይ አንድ ላይ እንዲበሱት ንገሯቸው፤ 18 ሳ.ሜ ስፋት ባለው ክብ ላይ እኩል ተራርቀው ይሁኑ። ለየብቻ ከተበሱ አንዱ ቀዳዳ ሁልጊዜ አልገጥም ይላል።

ማጣበቅ

ሲሊኮን አክሪሊክን በደንብ አይዝም። ለመስታወት ገንዳ የሚሆነው ለዚህ አይሆንም። አክሪሊኩን አሟሙቶ አንድ የሚያደርገውን ማጣበቂያ ተጠቀሙ፤ ወፍራሙ ዓይነት፣ ለምሳሌ ዌልድ-ኦን 16፣ ለጀማሪ ይቀላል። ክፍተት ስለሚሞላ ቁርጡ ፍጹም ቀጥ ባይልም ይያዛል። ጭሱ ጎጂ ነው። መስኮት ክፈቱ፣ ወይም ውጭ ሥሩት።

የቱቦውን ሁለት ጫፎች ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ። ቱቦውን ወረቀቱ ላይ አዙሩት እንጂ ወረቀቱን ቱቦው ላይ አታዙሩ። ጫፉ እኩል ሲሆን አቧራውን አጥባችሁ አድርቁ።

መጀመሪያ ታችኛውን ካሬ አጣብቁ። ማጣበቂያውን በቱቦው ጫፍ ዙሪያ ሳታቋርጡ አፍስሱ፣ ካሬው መሐል ላይ አቁሙት፣ ላዩ ላይ ሁለት ኪሎ የሚሆን ነገር ጫኑበት። ቀለበቱን ደግሞ በላይኛው ጫፍ ላይ አጥልቁት፤ የቀለበቱ ፊትና የቱቦው አፍ እኩል ይሁኑ። ከታች በኩል በዙሪያው ማጣበቂያ አፍስሱለት። 24 ሰዓት አትንኩት። ውሃ ከመሙላታችሁ በፊት ሌላ 24 ሰዓት ጨምሩ።

ጎሚኒውን የቀለበቱን ቅርጽ አስይዛችሁ ከሲሊኮን ጎማው ቁረጡ። በክዳኑና በቀለበቱ መሐል ይቀመጣል። ዳዶዎቹን በጣት ብቻ አጥብቁ። ፒንሳ ካስፈለገ ጎሚኒው ላይ ቆሻሻ አለ ማለት ነው።

የውሃው መንገድ

የመግቢያውም የመውጫውም ቀዳዳ ክዳኑ ላይ ይሁን። ከታች የተበሳ ቱቦ አንድ ቀን ያፈሳል። ከላይ የተበሳው ግን የሚያፈሰው ፓምፑ ሲሠራ ብቻ ነው፤ ቢያፈስም ትንሽ ነው።

መግቢያው 20 ሚ.ሜ ቱቦ ሆኖ ከክዳኑ እስከ ታች ይወርዳል። ከወለሉ ሁለት ሳንቲሜትር ሲቀረው ይቁም። ጫፉን ድፈኑና ከጎኑ 6 ሚ.ሜ የሆኑ ስምንት ቀዳዳዎች በስቱበት። ቀዳዳዎቹ ቀጥ ብለው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ አንድ አቅጣጫ ዘንበል ብለው ይበሱ። ውሃው እየዞረ ይወጣል፣ አልጌውንም ቀስ ብሎ ያዞረዋል።

አሁን ብዙዎች የሚረሱት ቀዳዳ አለ። ይኸው መግቢያ ቱቦ ከክዳኑ ሥር ልክ ሲገባ 4 ሚ.ሜ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ፓምፑ ሲጠፋ ውሃው በመጣበት መንገድ ወደ ታች ይመለሳል። ያ ቀዳዳ ከሌለ ሰባቱም ሊትር ተመጥጦ ይወርዳል፣ አልጌው በደረቁ መብራት ሥር ይቀራል፣ የታችኛው ገንዳም (ከዓሳው ገንዳ ሥር ያለው፣ ውሃው ወርዶ የሚጣራበትና በዋናው ፓምፕ ወደ ላይ የሚመለስበት) ሊሞላ ይችላል። ቀዳዳው ካለ ግን ውሃው እዚያ ድረስ ሲወርድ አየር ይገባና ይቆማል። በወር አንዴ በጥርስ መፋቂያ እንጨት አጽዱት፤ በአልጌ ይደፈናል።

መውጫው 25 ሚ.ሜ ይሁን፣ ከመግቢያው የሰፋ። ውስጥ ግፊት እንዳይጠራቀም ነው። ከክዳኑ ሥር 3 ሚ.ሜ ዓይን ያለው የፕላስቲክ ወንፊት አልብሱት። ወንፊቱ ጠፍጣፋ ከሆነ አንድ እፍኝ ኬቶ ይዘጋዋል። እንደ ቀፎ ወደ ውስጥ የገባ ይሁን። መውጫው ላይ ቫልቭ አትግጠሙ። ፍሰቱን መቀነስ ካሻችሁ ከፓምፑ በኋላ፣ ከመግቢያው በፊት ቀንሱ።

ሪአክተሩ የት ይቀመጥ? ከታችኛው ገንዳ አጠገብ ወይም በላዩ ላይ። ክዳኑ ሲከፈት የሚንጠባጠበው ወደ ገንዳው ቢመለስ ጥሩ ነው። ውሃው፣ አክሪሊኩና አልጌው ተደምሮ ወደ አሥር ኪሎ ስለሚጠጋ መደርደሪያው ጠንካራ ይሁን። ፓምፑ ውሃ የሚስበው ዓሳው ካለበት ገንዳ ውሃ በሚወርድበት ክፍል ነው፤ መውጫው ደግሞ ዋናው ፓምፕ ባለበት ክፍል ይፍሰስ።

መብራቱ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሪአክተሩ ጉልበት ያለው እዚህ ነው።

ክሎሮፊል ብርሃንን በብዛት የሚወስደው በሁለት ቦታ ነው፦ በሰማያዊው ከ430 እስከ 455 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው)፣ በቀዩ ከ640 እስከ 662 ናኖሜትር አካባቢ። በክፍት ባሕር ቀይ ብርሃን ጥቂት ሜትር ሳይወርድ በውሃው ይዋጣል። እዚህ ግን ከመብራቱ እስከ አልጌው ጥቂት ሳንቲሜትር ስለሆነ ቀዩ ሙሉ በሙሉ ይደርሳል። ለተክል ማሳደጊያ የሚሸጡ፣ አራት ወይም አምስት ቀይ ላይ አንድ ሰማያዊ የሚደረደርባቸው ጥቅሎች ለዚህ ይስማማሉ። ስትገዙ ቀዩ 660 ናኖሜትር መሆኑን አረጋግጡ። ለጌጥ የሚሸጠው ባለ ብዙ ቀለም ጥቅል ቀዩ ብዙውን ጊዜ 620 ወይም 630 ነው። ያሳድጋል፣ ግን ደከም ይላል።

ነጩስ? 6500 ኬልቪን ነጭ መብራትም ኬቶን በደንብ ያሳድጋል። በተጨማሪም አልጌው ታሟል ወይስ ደህና ነው የሚለው በግልጽ ይታያል። በሐምራዊ ብርሃን ሥር ሁሉም ጥቁር ስለሚመስል መብራቱን ሳታጠፉ የጤናውን ነገር ማወቅ አትችሉም። ፍጥነት የምትፈልጉ ቀይና ሰማያዊውን ምረጡ። ሳሎን ውስጥ ካቢኔው ሐምራዊ ሲያበራ የሚያስቸግራችሁ ነጩን ውሰዱ።

ሜትር ላይ 60 አምፖል ያለው 5050 የሚባለው ዓይነት በሜትር 14.4 ዋት ይወስዳል። አምስት ሜትሩ 72 ዋት ነው። በ12 ቮልት 6 አምፔር ይሆናል። ፓወር ሰፕላይን እስከ ጥግ መጫን ጥሩ አይደለም፤ ሩብ ያህል ትርፍ ስጡት። 7.5 አምፔር ይመጣል፣ ገበያ ላይ የምታገኙት 8.5 ነው። በቀን 12 ሰዓት ቢበራ በወር 26 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል።

ጥቅሉን እንዲሁ ቱቦው ላይ መጠምጠም ይቻላል። የቱቦው ዙሪያ 47 ሳ.ሜ ስለሆነ አምስት ሜትሩ አሥር ጊዜ ተኩል ገደማ ይዞረዋል፣ በየአራት ሳንቲሜትሩ አንድ መስመር። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሙጫው ያለው ከአምፖሎቹ ጀርባ ነው። አምፖሎቹ ወደ ውስጥ ሲዞሩ ሙጫው ወደ ውጭ ይሆናል፣ ቱቦውን አይዝም። በፕላስቲክ ማሰሪያ ማሰር ይኖርባችኋል። ደግሞም ሃምሳ ሳንቲሜትር ሳትሄዱ መስመሩ ይንሸራተታል።

እኔ የምመርጠው በአልሙኒየም እጀታ መሥራት ነው። ላሜራው ጠፍጣፋ እንዳለ ጥቅሉን በ50 ሳ.ሜ አሥር ቦታ ቁረጡት። ባለ 12 ቮልቱ በየሦስት አምፖሉ፣ ማለትም በየ5 ሳ.ሜው የመቁረጫ ምልክት ስላለው 50 ሳ.ሜ ልክ ይመጣል። ከምልክቱ ውጭ ከቆረጣችሁ ሦስት አምፖል ይሞታል። አሥሩን ቁራጮች በላሜራው ላይ በአራት አራት ሳንቲሜትር ልዩነት ለጥፉ። ሙጫው አሁን በትክክለኛው ጎን ነው። የየቁራጩን ፖዘቲቭ ከአንድ ወፍራም ሽቦ፣ ኔጌቲቩን ከሌላው ጋር በዩ። 1 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይበቃል።

ጥቅሙ ብዙ ነው። አምስት ሜትር በአንድ ጫፍ ብቻ ኤሌክትሪክ ሲሰጠው መጨረሻው ላይ ይደክማል፤ አሥሩ ቁራጮች ግን ሁሉም እኩል ያበራሉ። አልሙኒየሙ ሙቀቱን ይወስዳል፣ የሚያመልጠውን ብርሃን ወደ ውስጥ ይመልሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ላሜራውን ጠቅልላችሁ ስፌቱን ክፍት ስትተዉት በጎን በኩል ይወልቃል። 17 ሳ.ሜ ገደማ ስፋት ይኖረዋል፣ ቱቦውን ሳይነካ ይከበዋል። ሁለት ተለጣፊ ማሰሪያ ይዞት ይቆማል። ቱቦውን ለማጠብ ስትፈልጉ ሙሉውን መብራት በአንድ እጅ ታነሱታላችሁ።

የተበየደው ቦታ ሁሉ ከላሜራው ጋር እንዳይነካካ መጀመሪያ ሥሩ ላይ ናስትሮ ለጥፉ። ከዚያ እያንዳንዱን ጫፍ በሲሊኮን ሸፍኑ። ሲሊኮኑ የኮምጣጤ ሽታ የሌለው ዓይነት ይሁን፤ የሚሸተው አሲድ ስላለው መዳቡን ይበላዋል። የጨው ጤዛ የማይገባበት ቦታ የለም። ያልተሸፈነ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ይዞ በወራት ውስጥ ይበጠሳል።

ስለ ኤሌክትሪክ ደኅንነት አልቀልድም። የውሃው ጎን 12 ቮልት ቢሆንም ፓወር ሰፕላዩ የሚገባበት ሶኬት አሜሪካ ውስጥ 120፣ ኢትዮጵያ፣ እስራኤልና ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ከ220 እስከ 230 ቮልት ነው። ፓወር ሰፕላዩ የግብዓት መምረጫ ካለው ከመሰካታችሁ በፊት አስተካክሉት። ሰፕላዩን ከውሃው ከፍታ በላይ፣ ከካቢኔው ውጭ ስቀሉት። ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይመለስ፤ ውሃ ቢወርድበት ከታችኛው ነጥብ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። መስመሩ ፍሳሽ ኤሌክትሪክ ሲያይ የሚቆርጥ ብሬከር ይኑረው፤ 30 ሚሊአምፔር ወይም ከዚያ በታች። ይህ ከሌላችሁ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ፣ ከዚያ ቀጥሉ።

ሙከራ

አልጌ ከመግባቱ በፊት በንጹሕ ውሃ 24 ሰዓት አሠሩት። ትልቅ ባልዲ ውስጥ ፓምፑን አስገቡ፣ ሪአክተሩን አጠገቡ አቁሙ፣ መውጫውን ወደ ባልዲው መልሱ። ከሥሩ ደረቅ ጋዜጣ አንጥፉ፤ ጠብታ ወዲያው ይታያል። ፓምፑን ሦስት አራት ጊዜ አጥፍታችሁ አብሩ። ውሃው ከክዳኑ ሥር ባለችው ቀዳዳ ላይ መቆሙን በዓይናችሁ እዩ። የመብራቱን እጀታ አልብሳችሁ ለጥቂት ሰዓት ካበራችሁ በኋላ ላሜራውን ንኩት። ሞቅ ማለቱ ደንብ ነው። እጅ የማያስቆይ ከሆነ ማራገቢያ ያስፈልጋል። ቱቦው ባዶ ሆኖ ግን መብራቱን አታብሩ።

አልጌውን ማስገባት

ከሌላ ሰው ገንዳ የመጣ ኬቶ እንግዳ ይዞ ይመጣል። ትናንሽ ሸርጣኖች፣ ጠፍጣፋ ትሎች፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ አይፕታዢያ የምትባለው ተናዳፊ ተባይ። ከገንዳችሁ በቀዳችሁት ውሃ ባልዲ ውስጥ እያራገፋችሁ እጠቡት፣ ነጭ ሳህን ላይ ዘርግታችሁ በደንብ እዩት። ነጣ ያለውንና የላላውን ክፍል ጣሉት።

የቱቦውን ሢሶ ያህል ብቻ ሙሉ። እጃችሁ ሙሉ የሆነ ኳስ ይበቃል፤ ፈታ አድርጉት። ፍሰቱ አልጌውን ወደ ላይ አጣብቆ ወንፊቱ ላይ ካከማቸው በዝቷል፣ ቀንሱት። እንደ ልብስ ማጠቢያ ማሽን መገለባበጥ የለበትም። ቀስ ብሎ ቢዞር ወይም ዝም ብሎ ቢወዛወዝ በቂ ነው።

መብራቱን በመጀመሪያው ሳምንት 8 ሰዓት ብቻ አብሩ። ከደካማ ብርሃን የመጣ አልጌ በአንዴ ሲበራበት ይነጣል። በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት እየጨመራችሁ 12 ላይ አድርሱት። ገንዳው ብዙ ዓሳ ካለበት እስከ 16 ድረስ ይሄዳል። ከዚያ በላይ አልሄድም።

ሰዓቱ ሌሊት ይሁን። የዓሳው ገንዳ መብራት ሲጠፋ በውሃው ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፣ ፒኤቹ (የውሃው አሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ8.3 ወደ 7.9 አካባቢ ሊወርድ ይችላል። ሪአክተሩ በዚያ ሰዓት ሲበራ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚወስድ መውረዱን ያለዝበዋል። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ጥሩ ነው። ታይመሩ ላይ 21፡00 እና 09፡00 ብላችሁ ሙሉት፤ በኛ ሰዓት የሚቆጥር ታይመር እስካሁን አላጋጠመኝም።

ቁጥሮቹን ማንበብ

ናይትሬትና ፎስፌትን በሳምንት አንዴ ለኩ። ለተለያዩ ኮራሎች ቅልቅል ገንዳ ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ቢሆን ደህና ነው። ዜሮ ግብ አይደለም። ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ኮራሉ ይራባል፣ ዳይኖፍላጅሌት የሚባለው ቡናማ አተላም መጥቶ አሸዋውን ይሸፍናል። ናይትሬቱ ከ2 በታች ሲወርድ የመብራቱን ሰዓት ቀንሱ።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባበት አንድ ሁኔታ አለ። ናይትሬቱ ዜሮ ሆኗል፣ ፎስፌቱ ግን 0.3 ላይ ቆሟል፣ አልጌውም ማደግ አቁሟል። መብራት መጨመር እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም። አትኪንሰንና ስሚዝ በ1983 ባወጡት ጥናት የባሕር ወለል ተክሎች ሰውነት ውስጥ ለአንድ የፎስፈረስ አቶም 30 ያህል የናይትሮጅን አቶም እንዳለ አሳይተዋል። ይህን ወደ መለኪያችን ስንቀይረው አልጌው 0.1 ፎስፌት ለመውሰድ 2 ገደማ ናይትሬት ይፈልጋል። 0.3ቱን ለማውረድ 6 ያህል ናይትሬት ይፈልጋል ማለት ነው። ያ የለም። መፍትሔው ተገላቢጦሽ ይመስላል፦ ናይትሬት ጨምሩ። ለገንዳ ተብሎ የተዘጋጀ የናይትሬት ፈሳሽ በቀን ከ1 ሚሊግራም በሊትር ሳይበልጥ እየጨመራችሁ ፎስፌቱ ሲወርድ ታያላችሁ። ወይም ዓሳውን ትንሽ በዛ አድርጋችሁ አብሉ፤ ምግቡ ፎስፌትም ስለሚይዝ ግን ቀርፋፋ መንገድ ነው።

ናይትሬቱም ፎስፌቱም በቂ ሆኖ አልጌው ቢገረጣ ብረት አጥቶ ይሆናል። በየሳምንቱ አሥር በመቶ ውሃ መቀየር ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ካልበቃው ለጨው ውሃ የተዘጋጀ የብረት ጠብታ በግማሽ መጠን ጀምሩ።

ማጨድ

ቱቦው ሲሞላ ግማሹን አውጡ። በደህና ገንዳ ይህ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይመጣል። ፓምፑንና መብራቱን አጥፉ፣ ውሃው ቀዳዳው ድረስ ይውረድ፣ ስምንቱን ዳዶ ፍቱ፣ ክዳኑን ከነመግቢያ ቱቦው አንሡት። አልጌውን አውጥታችሁ ባልዲ ላይ ጨምቁት፣ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት፣ ቁጥሩን ጻፉ። የዚህ ሚዛን ቁጥር ከማንኛውም የውሃ ምርመራ በፊት ችግርን ይናገራል። ምርቱ በተከታታይ ከቀነሰ አንድ ነገር ጎድሏል፦ ምግብ፣ ብረት ወይም ብርሃን።

ብርሃን ሲጎድል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የመብራቱ አይደለም። የቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ቡናማ ሽፋን ይይዛል፣ አልጌው ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ይቀራል። ባጨዳችሁ ቁጥር በለስላሳ ስፖንጅ አብሱት። ሻካራውን ስፖንጅ አርቁ፤ አክሪሊክ በቀላሉ ይጫራል፣ ጭረቱም ለሚቀጥለው ሽፋን መያዣ ይሆነዋል።

የታጨደውን ለዓሳ መስጠት ያስደስታል። አንዳንድ ሣር በል ዓሦች ይለቅሙታል። ግን ለዚያው ገንዳ ዓሳ ከሰጣችሁት ያወጣችሁትን መልሳችሁ እያስገባችሁ ነው። ለሌላ ሰው ስጡት ወይም ጣሉት። አልጌ ውሃውን ቢጫ የሚያደርግ ነገርም ይለቃል፤ ትንሽ ከረጢት አክቲቭ ካርቦን በወር አንዴ እየቀየራችሁ አስቀምጡ።

መብራት ሲጠፋ

አዲስ አበባ ላይ ሆናችሁ ይህን የምትሠሩ ይህን ክፍል አትዝለሉት። ኬቶ ራሱ አንድ ሁለት ቀን ጨለማ ይችላል። ችግሩ ዝግ ቱቦ ውስጥ መሆኑ ነው። አልጌ በጨለማ ኦክስጅን ይተነፍሳል። ውሃው ቆሞ ሰዓታት ሲያልፉ ቱቦው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያልቃል፣ መበስበስ ይጀምራል፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝም ሊፈጠር ይችላል። ኤሌክትሪክ ተመልሶ ፓምፑ ሲነሣ ያ ውሃ በቀጥታ ወደ ዓሳው ይሄዳል።

ስለዚህ ፓምፑን ከአነስተኛ ዩፒኤስ (ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ከባትሪው የሚሰጥ መሣሪያ) ጋር አገናኙት። ከ10 እስከ 15 ዋት የሚወስድ ፓምፕ ስለሆነ ብዙ ሰዓት ይይዝላችኋል። መብራቱን ከዩፒኤሱ ጋር አታገናኙ፤ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ዩፒኤስ ከሌለና ኤሌክትሪኩ ከአራት አምስት ሰዓት በላይ ከቆየ የሪአክተሩን ፓምፕ ከሶኬቱ ንቀሉ። ኤሌክትሪኩ ሲመጣ መጀመሪያ ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱ። ከሸተተ ውሃውን ባልዲ ውስጥ ድፉ፣ አልጌውን በአዲስ የጨው ውሃ አለቅልቁ፣ ቱቦውን ሙሉና ከዚያ ፓምፑን ሰኩ።